ሰላም ያስኮረፋቸው

በአገር ቤት ሰላም የወረደ ዕለት ጄኔራሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሊፍት ውስጥ ተንበርክኮ ሽቦ ይፈታ ነበር። ጄኔራል የሚለውን ማዕረግ የሰጠው የትኛውም ጦር አይደለም። ጠመንጃ የያዘው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለፎቶ። እንጀራው የሊፍት ጥገና ነው። ማዕረጉን ያወጡለት በስብሰባ ላይ ጠረጴዛ አመታቱን ያዩ ወዳጆቹ ሲሆኑ፣ እሱም «ኧረ ተዉ» እያለ፣ ደስ እያለው ተቀብሏቸዋል።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ አላስቀምጥ ሲለው እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ አነሳው። የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር።

«ጄኔራል፣ ጉድ ሆነናል።»

«ምን ተፈጠረ? ከተማው ተያዘ?»

«ቢያዝ ይሻል ነበር። ታረቁ።»

«እነማን?»

«የኛዎቹና የነሱዎቹ ናቸዋ። ፈርመው፣ ተቃቅፈው ቴሌቪዥን ላይ ናቸው። የኛ ጦር መሪ ሻለቃው እኮ እያለቀሰ ነው።»

ጄኔራሉ ሊፍቱ ወለል ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ስንት ዓመት ሙሉ «ሰላም ለሕዝባችን» የሚል ጨርቅ ተሸክሞ በዝናብና በብርድ ሲሰለፍ የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን ሰላሙ እንዲህ በድንገት፣ ያውም እሱን ሳያማክር ይመጣል ብሎ በሕልሙም አልጠረጠረም።

የስደተኛው ማኅበር ድሮ አንድ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ለሁለት ተሰነጠቀ። በሰፈሩ ግን ኪራዩ የሚቀመስ አዳራሽ ያለው አንድ ሕንፃ ብቻ ስለነበር፣ የተሰነጠቀው ማኅበር እዚያው አንድ ጣሪያ ሥር ቀረ። እነ ጄኔራሉ ፎቁን ያዙ፤ እነዚያ ምድር ቤቱን። ስማቸውም ከዚሁ ወጣ፣ ላይኞችና ታችኞች። ላይኞች ወደ አዳራሻቸው ለመውጣት የግድ በታችኞች በር ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ ባለትዳርና የልጆች አባት የሆኑ ሰዎች፣ ገሚሶቹ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ፣ ደረጃው ላይ ሲገጣጠሙ የየራሳቸውን ጫማ እያዩ ይተላለፋሉ። ላይኞች ሲሰበሰቡ ታችኞች ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ታችኞች መፈክር ሲያሰሙ ላይኞች ወንበር ይጎትታሉ። በአገር ቤት ግንባሩ አንዳንዴ ለወራት ጸጥ ይል ነበር። የመጥረጊያው ግንባር ግን ተኩስ አቁም የሚባል ነገር አያውቅም።

የላይኞች ሊቀመንበር ጄኔራሉ ነው፤ የታችኞች ፋርማሲስቱ። ፋርማሲስቱ ደግሞ የጄኔራሉ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ጄኔራሉ አማቹን ከጦርነቱ ወዲህ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው። ሚስቱ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አሮጊትና ሽማግሌ ስታገላብጥ ትውላለች፤ በየሳምንቱ ደግሞ የቆሸሸ ልብስ በፌስታል ተሸክማ ሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄዳ ወንድሟን ታገኛለች። የቤታቸው ማጠቢያ ማሽን ለምን በየሳምንቱ እንደሚበላሽ ጄኔራሉ ጠይቆ አያውቅም። ሊፍት የሚጠግን ሰው ወርዶ የልብስ ማጠቢያ መነካካት ክብሩ አይፈቅድለትም። እሷ ራሷ የላይኞች ትሁን የታችኞች፣ ያንንም ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ከላይኞች አዳራሽ መድረክ በላይ የጄኔራሉ ታናሽ ወንድም ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። ልጁ አስተማሪ ነበር። ዘመተ፣ በዚያው ቀረ። ከአገር ቤት የመጣው መርዶ «አርፏል፣ እግዜር ያጽናችሁ» የሚል ብቻ ነበር። እንዴት እንደሞተ፣ የት እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው የሚናገር ሰው አልተገኘም። ባዶውን ቦታ የሞላው ጄኔራሉ ነው። በመጀመሪያው መታሰቢያ ላይ ወንድሙ ምሽግ ውስጥ መሣሪያውን እንዳቀፈ ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመት ከመውደቁ በፊት አንድ ታንክ አቃጠለ። ከዚያ ታንኩ ሁለት ሆነ። ሄሊኮፕተሩ ሳይጨመር ሰላሙ ደረሰ። ይሁንና ለጄኔራሉ እውነቱን እንናገርለት፤ ያንን ንግግር ባደረገ ቁጥር የሚያለቅሰው ከልቡ ነበር።

ሰላሙ በተሰማ ማግስት ላይኞች አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። «ደስ ይበለን ወይስ አይበለን» የሚለው ነጥብ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። መኪና አጣቢው፣ የማኅበሩ ኃይለኛ ተናጋሪ፣ «እኛ ያልፈረምንበት ሰላም ምኑ ሰላም ነው» ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ «በጥንቃቄ እንደሰት» ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ታችኞችም እንዲሁ ውለው «በመርህ ደረጃ» ተደስተዋል። መጥረጊያው በዚያ ቀን ዝም ማለቱን ልብ ያለው ሰው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ከአገር ቤት መልእክተኞች እንደሚመጡ ተሰማ። ላይኞች ሻለቃው ይመጣል ሲባሉ በደስታ አበዱ። የእነሱን ጦር የመራው፣ ፎቶው በየቤቱ የተለጠፈው ሻለቃ ነው። ታችኞችም ሻምበሉ ይመጣል ተባሉና በተራቸው ለራሳቸው ጀግና አቀባበል ማዘጋጀት ጀመሩ። ነገሩ የተበላሸው ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ጉዳይ እንደሚመጡና ሆቴል ሳይሆን አንድ ሰው ቤት አብረው ማረፍ እንደሚፈልጉ ሲታወቅ ነው። ላይኞች ሻምበሉን አናሳድርም አሉ። ታችኞች ሻለቃውን። ክርክሩ ሲጦፍ የጄኔራሉ ሚስት «እኔ ቤት ይረፉ» አለች፤ ጄኔራሉ ይህን የሰማው ከጸሐፊው ነው።

እሑድ በምሳ ሰዓት ሁለቱ መኮንኖች አንዲት ሻንጣ ለሁለት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሻለቃው ረጅምና ከሲታ ነው፤ ሻምበሉ አጠር ብሎ ደልደል ያለ። ሁለቱም በዕድሜ ከጄኔራሉ በብዙ ያንሳሉ። ጄኔራሉ ሻለቃውን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ሻምበሉ ቀድሞ ገባበት፤ እናም ስንት ዓመት «ነፍሰ ገዳይ» ሲለው የኖረውን ሰው በገዛ ደጃፉ አገላብጦ ሳመ። ሰውዬው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ይህም ጄኔራሉን ቅር አሰኘው። ምን እንዲሸትለት ፈልጎ እንደነበር ግን ራሱም አያውቅም።

ሳሎን ሲገቡ ፋርማሲስቱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ጄኔራሉ ሚስቱን ኩሽና ድረስ ተከተላት።

«ማነው የጠራው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ።»

«ሳታማክሪኝ?»

«ሰላሙስ መቼ አማከረህ? ሩዙን ያዝልኝ።»

ማዕድ ቀረበ። ሻምበሉ በቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ነው የቀረው። ሻለቃው ወሬውን ሳያቋርጥ የራሱን ሳህን ትቶ የጓደኛውን ሥጋ በቢላ ከታተፈለት። ሻምበሉም የለመደው ነገር ስለሆነ ሳያመሰግን መብላት ጀመረ።

«እጅህን ምን አገኘው ወንድሜ?» አለች የቤቱ እመቤት።

«ፈንጂ ነው እቴ።»

«የማን ፈንጂ?» አለ ፋርማሲስቱ ፈጠን ብሎ። መልሱን ያውቀዋል፤ ጄኔራሉ እንዲሰማለት ነው።

ሻምበሉ በአገጩ ወደ ሻለቃው አመለከተ። «የዚህ።»

«እኔ ነኝ ያስቀበርኩት» አለ ሻለቃው። «ይኸው አሁን ሥጋ ቆራጩ አድርጎኛል።»

ሁለቱ ተሳሳቁ። ጄኔራሉና ፋርማሲስቱ አልሳቁም። ከስንት ዘመን በኋላ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ በሁለቱም ፊት ላይ ያለው ቅሬታ ቁርጥ አንድ ዓይነት ነበር።

«አሁን ምን ትሠራላችሁ ታዲያ?» አለ ጄኔራሉ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«የወንዙን ድልድይ እንጠግናለን» አለ ሻለቃው። «ሁለት ጊዜ ያፈረሰው እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ እኔ። የት የቱ ጋ እንደሚደክም ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ ቀጠሩን።»

«ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነገር ነው» አለ ሻምበሉ። «ኢንተርኔት ላይ ስድቡን ቀነስ ብታደርጉልን። ልጆቹ ያነቡና ጠዋት ይደባደባሉ። እኛ ስንተኛ ደግሞ እናንተ ናችሁ የምትነቁት፤ ሰዓቱም አይመቸንም።»

ጄኔራሉ ሹካውን አስቀመጠ። «ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። የወንድሜ ደምስ?»

ሻምበሉ መብላቱን አቆመ። «ጋሼ፣ እሱን ልነግርዎት ነበር። ለብቻ ቢሆን ይሻል እንደሆነ።»

«የምደብቀው የለኝም። እዚሁ ተናገር» አለ ጄኔራሉ። ይቅርታ ሊጠየቅ መሆኑን ገምቶ ለይቅርታ የሚሆን ፊት አዘጋጀ፤ ቶሎ የማይሰጥ፣ ግን የማይነፍግም።

«ወንድምዎን ጥይት አልነካውም። ወባ ነው። ጦራችሁ ሲያፈገፍግ መራመድ አቅቶት እኛ መንደር ቀረ። አክስቴ ጎተራዋ ውስጥ ደብቃ አስታመመችው። የኛ ሰዎች ቢያገኙት ምን እንደሚያደርጉት ታውቃለች። እኔም ያን ጊዜ ባገኘው...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። «በሽታው ግን አልለቀቀውም። ከልጇ መቃብር ጎን ቀበረችው። ልጇን የገደሉባት የእናንተዎቹ ናቸው።»



«ሁለት ታንክ አቃጥሎ ነው የሞተው» አለ ጄኔራሉ።

ሻለቃው በሐዘኔታ አየው። «ጋሼ፣ በዚያ ግንባር የነበረችው ታንክ አንዲት ናት። እሷም የኛው ነበረች። ነዳጅ አጥታ ቆማ ልብስ ነበር የምናሰጣባት።»

ጄኔራሉ ተነሥቶ ኩሽና ገባ። ቧንቧውን ከፈተና ሳይታጠብ ውኃው ሲወርድ ቆሞ ያይ ጀመር። ሚስቱ መጥታ እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

«ሜዳ ላይ ብቻውን አልወደቀም» አለችው። «ሰው እጅ ላይ ነው የሞተው።»

«ፎቶውን ምን ላድርገው?»

«ፎቶው ምን አጠፋ? ልጁ እኮ መልከ መልካም ነበር።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሕዝቡ በላይኞች አዳራሽ ተሰበሰበ። ታችኞች ያንን ደረጃ ከወጡት ዘመን ስላለፈው፣ ግማሾቹ ጉልበታቸውን ይዘው መሃል ላይ እያረፉ ነበር የወጡት። በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ላይኞች በቀኝ። ሁለቱ ሊቀመንበሮች ከመልእክተኞቹ ጋር መድረክ ላይ ሆኑ፣ ከፎቶው ሥር።

ሻለቃው ስለ ድልድዩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ሜዳው ላይ ተቀብሮ ስለቀረው ፈንጂ ተናገረ። ማንም አላጨበጨበም። ስለ ፈንጂ ሲነሳ አንዳንዱ ትንሽ ነቃ ብሎ ነበር፤ እየተለቀመ መሆኑን ሲሰማ መልሶ አቀረቀረ። ጥያቄ ሲፈቀድ መኪና አጣቢው ብድግ አለ።

«ያን ሁሉ ደም የከፈልነው ለዚህ ነው?»

«የት አካባቢ ነበር የከፈሉት?» አለ ሻለቃው። የሚያውቀው ግንባር መስሎት ከልቡ ነው የጠየቀው።

መኪና አጣቢው ዙሪያውን አየ። «በሞራል ነዋ» አለ።

ከግራ በኩል የታችኞች ገንዘብ ያዥ፣ የተከበሩ ወይዘሮ፣ ተነሡ። «እኛን ይመራል ያልነው ሰው በጠላት እጅ ሥጋ እያስቆረጠ ይበላል ሲባል ሰምተናል። እውነት ከሆነ እናፍራለን።» በዚህ ጊዜ ከቀኝ በኩል ጭብጨባ ተሰማ። ላይኞች ለታችኞች ሲያጨበጭቡ በዚያ ሕንፃ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ማን የማን እንደሆነ መለየት አቃተ። የግራው ሲሳደብ የቀኙ ያጨበጭባል፤ የቀኙ ሲሳደብ የግራው «ልክ ነው» ይላል። ሰዎቹ ወንበራቸውን እያስጠጉ መሃል ላይ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸው። ያ ሁሉ አስታራቂ ያቃተው ነገር እዚያው ዓይናቸው ሥር ሆነ። መልእክተኞቹ ሕዝቡን አስታረቁት ማለት ነው፣ በራሳቸው ላይ።

አንዱ ከኋላ ወደ ፎቶው ጣቱን ቀሰረ። «አንተ ሻምበል፣ ይሄን ጀግና ማን እንደገደለው ሕዝብ ፊት ተናገር።»

ሻምበሉ ቀና ብሎ ፎቶውን አየ። ከዚያ ወደ ጄኔራሉ ዞረ። «ጋሼ ሊቀመንበሩ ያውቁታል» አለ ረጋ ብሎ። «እሳቸው ቢነግሯችሁ ይሻላል።»

አዳራሹ በሙሉ ጄኔራሉን አየው። ጄኔራሉ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ። እሷም ታየዋለች። አፉ ተከፈተ። ለመናገር እንደፈለገ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ቀጣይ ጥያቄ» አለና ጠረጴዛውን መታ። አመታቱ የወትሮው አልነበረም።

ሚስቱ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቤት ሲደርስ ልብሷን አጣጥፋ ጨርሳለች። «ከነሱ ጋር እሄዳለሁ» አለች። «እናቴን ልያት። ዕድሜዋ እየሄደ ነው።»

«ስንት ጊዜ ትቆያለሽ?»

«እንደ ሰላሙ ነው» አለችና ሻንጣውን ዘጋች።

እሷ ከሄደች በኋላ ፋርማሲስቱ ላፕቶፑን ይዞ በቀን በብርሃን የጄኔራሉን በር አንኳኳ። የሁለቱ ማኅበራት የጋራ መግለጫ ሊያወጡ ነው፣ በሻለቃውና በሻምበሉ ላይ። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። «ከሃዲዎች» የሚለው ቃል ላይ ያለ ክርክር ተስማሙ። ችግር የገጠማቸው የማን ማኅበር ስም ይቅደም የሚለው ላይ ነው። ጄኔራሉ በፊደል ተራ ይሁን አለ። ፋርማሲስቱ ትንሽ አስቦ «ላ» ከ«ታ» እንደሚቀድም ሲገባው ፊደሉም ወገንተኛ ነው ብሎ አኮረፈ። እንዲህ ሲሉ ለጄኔራሉ ስልክ ተደወለለት። እጁ ሊጥ የመሰለ ሩዝ ነክቶ ስለነበር (ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ሩዝ እንቢ ብሎታል) በክርኑ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው።

«የሻምበሉ አክስት ቤት ነኝ» አለች ሚስቱ። «መቃብሩን አየሁት። ንጹሕ ነው፣ አጥራዋለች። ቆይ እንድታናግርህ።»

የአሮጊት ድምፅ መጣ። «አንተ ነህ ወንድሙ?»

«አዎ እማማ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው ልጄ፣ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ትኩሳቱ ሲጠናበት ድንቡሼ፣ ድንቡሼ እያለ ይጣራ ነበር። ሚስቱ ትሆን፣ እጮኛው ትሆን እላለሁ። እንዲያው ወሬው ሳይደርሳት ስትጠብቀው ኖራ እንደሆነስ? ማናት ድንቡሼ?»

ጄኔራሉ ፋርማሲስቱን አየው። ፋርማሲስቱ ስክሪኑ ላይ አቀረቀረ።

«እኔ ነኝ» አለ ጄኔራሉ።

«እህ?»

«ድንቡሼ እኔ ነኝ እማማ። ልጅ ሆኜ ወፍራም ነበርኩ። እሱ ነው ያወጣልኝ።»

«ወይ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «እኔ እኮ ቆንጆ ልጅ አድርጌ ነበር የማስባት። ‹ድንቡሼ እየመጣች ነው፣ መንገድ ላይ ናት› እያልኩ ሳባብለው ነበር። እስከ መጨረሻው በሩን እያየ ነበር።»

ጄኔራሉ ምን ብሎ ስልኩን እንደዘጋ አያስታውስም። ለረጅም ጊዜ እጁ ላይ የደረቀውን ሩዝ እየላጠ ተቀመጠ። ፋርማሲስቱም መቼም ሰው ነውና ጠበቀው። ሲበቃው ግን ሥራ ሥራ ነው፣ «‹ሰማዕቶቻችን› ከሚለው ቀጥሎ የወንድምህን ስም ላስገባው?» አለ።

«ወንድሜን ከዚህ ውስጥ አውጣልኝ» አለ ጄኔራሉ።

መግለጫው ወጣ። ጄኔራሉ አልፈረመበትም። ሕዝቡ ወደደው፤ በዚያው ግለት ሁለቱ ማኅበራት ተዋሐዱ፣ ፋርማሲስቱም ሊቀመንበር ሆነ። ጄኔራሉ ለአለቃው የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ አለቃው ይህ ሰው ፈቃድ ወስዶ እንደማያውቅ አስታውሶ የት እንደሚሄድ ጠየቀው። «ቤተሰብ ጥየቃ» አለ። ወሬው በዚያው ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። የተዋሐደው ማኅበር ሁለተኛ መግለጫውን አወጣ። ከሻለቃውና ከሻምበሉ ቀጥሎ ሦስተኛው ከሃዲ ተገኝቷል ይላል፤ ከሥር የሊቀመንበሩ ፊርማ አለበት።

ጄኔራሉ በሚሄድበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፈራሚው ራሱ አንድ ከረጢት መድኃኒት ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ለእማዬ ነው። የደም ግፊት» አለ። «ነጩን ጠዋት፣ ቢጫውን ማታ። እንዳታቀላቅለው ደህና አድርገህ አስረዳት።»

«መግለጫውን አንብቤዋለሁ» አለ ጄኔራሉ።

«‹ከሃዲ› ያልኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ‹የተሳሳተ› ይባል ብዬ ነበር፤ በድምፅ ተሸነፍኩ።»

ጄኔራሉ ከረጢቱን ተቀበለው። ክብደት ነበረው፤ ለዓመት የሚበቃ ነው። «ለምን አንተ ራስህ አትወስድላትም? አሁን እኮ መንገዱ ክፍት ነው።»

ፋርማሲስቱ አንገቱን አከከ። «ሰሞኑን አልችልም። ስብሰባ አለብን።»

«በምን ጉዳይ?»

«በአንተ ጉዳይ» አለ ፋርማሲስቱ።

ጄኔራሉ ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ። መድኃኒቱን መንገድ ላይ እንዳይሰባበር በሁለት ሹራብ ጠቀለለው፤ ሻንጣው መሃል ላይ ቦታ አበጅቶ አስቀመጠው።